ጎል ገባ! ቆይ ግን… ቫር ጥሎ ማለፍ ላይ ምን እየሠራ ነው?

ስታዲየም አካባቢ ወይም ፒያሳ ካሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች በአንዱ የዋንጫ ጨዋታ አይታችሁ ከሆነ ይህን ታውቁታላችሁ። ጎል ይገባል። ግማሹ ቤት እየጮኸ ይነሳል። ሌላው ግማሽ ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል በጣቶቹ አየር ላይ አራት ማዕዘን እየሳለ «ቫር! ቫር!» ይላል፤ ጎሉ በቪዲዮ ይጣራልን ማለቱ ነው። ከዚያ ሁሉም ጸጥ ብሎ ስክሪኑ ላይ የምትመጣውን ጽሑፍ ይጠብቃል። ጎሉ ከተሻረ የቆመው ይቀመጣል፣ የተቀመጠው ይነሳል። የጎረቤቱ ቤት ሥርጭት በሁለት ሰከንድ የሚቀድም ከሆነማ ውሳኔውን ከግድግዳው ወዲያ በጩኸት ነው የምትሰሙት።

ከጨዋታው በኋላ ያለው ክርክር ደግሞ ከጨዋታው ይረዝማል። አንዱ «ቫር ኳስን ገደላት» ይላል። ሌላው «ባይኖር ኖሮ በጠራራ ፀሐይ ተዘርፈን ነበር» ይላል። ቤቲንግ ቆርጦ የገባው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጮሃል፤ እሱን ተዉት። እኔ የታዘብኩት ግን ክርክሩ የሚከረው አብዛኛውን ጊዜ ቫር ያልተፈቀደለትን ነገር ለምን አላደረገም በሚል መሆኑን ነው። ስለዚህ አሠራሩን ጥርት አድርገን እንየው። በተለይ ጥሎ ማለፍ ላይ፤ ጥቅሙም ጣጣውም ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና። (ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

መጀመሪያ ዋንጫው ራሱ። ሊግ እንደ ዕቁብ ነው፤ ዛሬ ባይደርስህ ሌላ ጊዜ ይደርስሃል። ፕሪምየር ሊግ ላይ 38 ጨዋታ አለ። ዳኛው መስከረም ላይ ፔናሊቲ ቢነፍግህ ጥር ላይ ያልተገባህን ሊሰጥህ ይችላል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ጠንካራው ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ይገኛል። የተሸነፈ ወዲያው የሚወጣበት ጥሎ ማለፍ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት አያውቅም። እግር ኳስ ደግሞ ጎል የሚበዛበት ጨዋታ አይደለም። ቅርጫት ኳስ ላይ ነጥብ በየደቂቃው ስለሚቆጠር ጠንካራው ቀስ በቀስ ይለያል። እዚህ ግን ደካማው ቡድን ሙሉውን ጨዋታ ሲከላከል ውሎ በአንድ ማዕዘን ምት አሸንፎ ሊወጣ ይችላል።

ዊጋን በ2013 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ማንቸስተር ሲቲን የረታው እንዲህ ነው። ቤን ዋትሰን በባከነ ሰዓት በጭንቅላቱ ገጨና 1 ለ 0 አለቀ። ያው ዊጋን ከሦስት ቀን በኋላ ከፕሪምየር ሊግ ወረደ! በ2025 ክረምት ደግሞ እንግሊዝ አራተኛ እርከን ላይ የሚጫወተው ግሪምስቢ ታውን ማን ዩናይትድን ከካራባዎ ካፕ አስወጣው። 2 ለ 2 ተለያይተው በመለያ ምት 12 ለ 11። እኛ ጋ ሲያልቅ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ ነበር። የማንቼ ደጋፊ በማግስቱ ስልክ አላነሳም።

እንዲህ ያለው ነገር ነው ሰውን ለዋንጫ የሚያስመሸው። ግን ልብ በሉ። ዕድሉ አንድ ብቻ ከሆነ የዳኛ ስህተትም ማካካሻ የለውም ማለት ነው። አየርላንድን አስታውሱ። በ2009 ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከፈረንሳይ ጋር ስትጫወት በጭማሪው ሰዓት የፈረንሳዩ ቲየሪ ሄንሪ ኳሷን በእጁ አብርዶ ለጋላስ አቀበለ፣ ጋላስ አገባ፣ ዳኛው አላየም። ፈረንሳይ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደች፣ አየርላንድ ቀረች። ዓለም ሁሉ በድጋሚ ምስል ያየውን ነገር ያላየው ሜዳ ላይ የነበረው ዳኛ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቫር ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጥሎ ማለፍ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያናድደውም እዚያው ነው፤ ሰው ዋንጫ የሚያየው ጎሉ ሲገባ ያለችውን ቅጽበት ብሎ ነዋ። ቫር የሚነካው እሷኑ ነው።

እሺ፣ ቫር ምንድን ነው? ብዙ ሰው ማሽን ይመስለዋል። ማሽን አይደለም፣ ሰው ነው። ስክሪን ፊት ተቀምጦ ጨዋታውን የሚከታተል ሌላ ዳኛ ነው። ረዳት አለው፣ ምስል የሚመልስለት ባለሙያ አለው። ለፕሪምየር ሊግ የሚሠሩት ምዕራብ ለንደን ስቶክሊ ፓርክ የሚባል ቦታ ነው የሚቀመጡት። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ኢፋብ በመጋቢት 2018 አጸደቀው፣ በዚያው ዓመት ሩሲያ የዓለም ዋንጫ ላይ ሠራ፣ ፕሪምየር ሊግ በ2019 ጀመረው። እንግሊዝ ውስጥ ግን በሊጉ አይደለም የተሞከረው፣ በዋንጫው ነው፤ በጥር 2018 ኤፍኤ ካፕ ላይ። የሌስተሩ ኬሌቺ ኢሄናቾ ፍሊትውድ ላይ ያገባት ጎል ከኦፍሳይድ (አጥቂው ኳሷ ስትላክለት ከተከላካዮቹ አልፎ መገኘቱ ነው) ወደ ጎል በቫር ተቀይራ የጸደቀች የመጀመሪያዋ የእንግሊዝ ጎል ናት።

ሲጀመር የተፈቀደለት በዋናነት አራት ነገር ነው፦ ጎል፣ ፔናሊቲ፣ ቀጥታ ቀይ ካርድና ካርዱ ለተሳሳተ ሰው ሲሰጥ። መሃል ሜዳ ላይ የተሰጠች ወይም ያልተሰጠች ቅጣት ምት አይመለከተውም። «ይቺን እንዴት አያይም?» ብላችሁ የምትጮኹበት ግማሹ ነገር አይቶት ዝም ያለው ነው፤ አፉን መክፈት ስለማይፈቀድለት።

አሁን ደግሞ ዋናው ነገር ላይ እንምጣ፤ ጠቡ ሁሉ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ቫር ራሱን የሚጠይቀው «ይሄ ፔናሊቲ ነው ወይ?» ብሎ አይደለም። «ሜዳ ላይ ያለው ዳኛ የወሰነው ዓይን ያወጣ ስህተት ነው ወይ?» ብሎ ነው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሳጥን ውስጥ ተከላካይና አጥቂ ተነካኩ እንበል፤ ፔናሊቲ ነው የሚልም አይደለም የሚልም ዳኛ ይኖራል። ዳኛው ከሰጠው ቫር አይነካውም። ከከለከለውም አይነካውም። ስለዚህ ቅዳሜ ሲቲ ያገኘውን ፔናሊቲ እሑድ አርሴናል በዚያው ዓይነት ንክኪ ሊነፈግ ይችላል፣ ሁለቱም በደንቡ መሠረት ትክክል ነው። ደጋፊው «ለነሱ ሰጥቶ ለኛ ነፈገ» ይላል። ቫሩ ግን አልሰጠም፣ አልነፈገም፤ ከዳኛው ጋር ብቻ ነው የተስማማው። ደንቡን እኔም አልወደውም፣ ሆኖም ደንቡ ይሄ ነው።

ጉዳዩ የአስተያየት ሲሆን፣ ማለትም ጥፋቱ ከባድ ነው አይደለም ሲባል፣ ዳኛው ወደ ሜዳው ዳር ሄዶ ስክሪኑን ራሱ ያያል። የመለኪያ ጉዳይ ሲሆን ግን «ዓይን ያወጣ» የሚባል ነገር የለም። ኦፍሳይድ ወይ ነው ወይ አይደለም። ጥፋቱ ሳጥን ውስጥ ነው ወይስ ውጪ የሚለውም እንዲሁ። የእግር ጣት ብታልፍ አለፈች ነው። ኳሷ የጎሉን መስመር አልፋለች አላለፈችም የሚለው ደግሞ ከነጭራሹ የቫር ሥራ አይደለም፤ እሱ ከ2013 ጀምሮ በፕሪምየር ሊግ ያለ ሌላ መሣሪያ ነው፣ የዳኛው ሰዓት ይንቀጠቀጥና በአንድ ሰከንድ ያልቃል። በእሱ ሲጣላ ያየሁት ሰው የለም።

የ2025ቱን የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ እንውሰድ፣ ደንቡን እንደሱ አፍረጥርጦ ያሳየ ጨዋታ አላውቅም። ክሪስታል ፓላስ በኤቤሬቺ ኤዜ ጎል ሲቲን 1 ለ 0 እየመራ ነው። የፓላሱ በረኛ ዲን ሄንደርሰን ከሳጥኑ ወጥቶ፣ የሲቲው አጥቂ ሃላንድ ሊደርስባት የነበረችውን ኳስ በእጁ ነካት። ዳኛው አላፏጨም። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ደጋግሞ አሳየን፤ እጁ ከመስመሩ ውጪ ነበር። ቫር ምን ማድረግ ይችላል? ቅጣት ምት ብቻ ከሆነ ምንም። ቀይ ካርድ ያሰጣል ወይ ብቻ ነው ማየት የሚችለው። ቀይ እንዲሆን ደግሞ ግልጽ የጎል ዕድል መጨናገፍ አለበት፤ ከጎሉ ያለው ርቀት፣ የተከላካዮች ቁጥር፣ አጥቂው ኳሷን የመቆጣጠር ዕድሉና አቅጣጫው ይታያል። ኳሷ ከጎሉ እየራቀች ወደ ጎን ነበር የምትሄደው ተባለና ዝም ተባለ። ቆይቶ ሲቲ ፔናሊቲ አገኘ፤ ማርሙሽ መታ፣ ያዳነው ማን ሆነ? ያው ሄንደርሰን! ፓላስ በታሪኩ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ በላ። የሲቲ ደጋፊ «ቫር ሰረቀን» ቢል ይገባኛል፣ ግን የሰረቀው ቫር ሳይሆን ቫር የታጠረበት አጥር ነው።

ኦፍሳይዷ ደግሞ የራሷ ጉድ አላት። የቴሌቪዥን ካሜራ በሰከንድ 50 ምስል ያነሳል እንበል። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መሃል 16 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ተከላካዩ በተቃራኒው እየሮጠ ከሆነ ክፍተቱ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ኳሷ ከእግር የተላቀቀችው በየትኛው ምስል ላይ ነው የሚለውን ሰው በዓይኑ መርጦ፣ ከዚያ በብብት ላይ መስመር አስምሮ በሦስት ሴንቲ ሜትር ጎል መሻር ማለት ካሜራው የማያውቀውን ነገር ማወቅ ነው። ሰው በመስመሮቹ ቢናደድ ትክክል ነበር። በ2022 ኳታር ላይ የመጣው ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው አሠራር ይሄን ለማስተካከል ነው፤ 12 ካሜራ ከጣሪያ ሥር ሆኖ የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የሰውነት ነጥብ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተላል፣ ኳሷ ውስጥ ያለው መሣሪያ ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልካል፣ የተመታችበት ቅጽበት በግምት አይመረጥም ማለት ነው።

ታዲያ ይሄም አልቦዘነም፣ እንግሊዝ በገባበት የመጀመሪያ ዙር ጉድ ሠራ። እንግሊዞች በኤፍኤ ካፕ አምስተኛ ዙር፣ መጋቢት 1 ቀን 2025 ሲሞክሩት ቦርንማውዝ ዎልቭስ ላይ ጎል አገባና ምርመራው ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ስምንት! እጅ ነክታለች አልነካችም ተባለ፣ ከዚያ ኦፍሳይድ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሰው ተደራርቦ ስለነበር አዲሱ መሣሪያ መለየት አቃተውና ወደ ድሮው መስመር ተመለሱ። መጨረሻ ላይ ጎሉ ተሻረ። በስምንት ደቂቃ ውስጥ ከቤቱ ወጥቶ አንድ ማኪያቶ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል፣ ያደረገውም አይጠፋም።

«ተሳስተው ካወቁት ለምን አቁመው አያስተካክሉም?» የሚል ጥያቄም ብዙ እሰማለሁ። መልሱ አጭር ነው፦ ጨዋታ አንዴ ከቀጠለ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ከጥቂት እንደ ድብደባ ካሉ ነገሮች በቀር። በመስከረም 2023 ሊቨርፑል ቶተንሃም ሜዳ ላይ ሉዊስ ዲያዝ ያገባት ትክክለኛ ጎል የቀረችው በዚህ ነው። ቫሩ ኦፍሳይድ አለመሆኗን አይቷል። ግን ሜዳ ላይ የተወሰነው «ጎል» ነው ብሎ አሰበና «ተጣርቷል» አለ። ሜዳ ላይ የተወሰነው ኦፍሳይድ ነበር! ስህተቱን ሲረዱት ኳሷ ተንቀሳቅሳለች። ቴክኖሎጂው እንከን አልነበረውም፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል አልተግባቡም።

አሁን «ገደላት» ለሚሉት አንድ ነገር ልበል። ሚያዝያ 2019፣ ቻምፒየንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ፣ ሲቲና ቶተንሃም። በባከነ ሰዓት ስተርሊንግ አገባ፣ ሲቲ ሊያልፍ ነው፣ የሲቲው አሰልጣኝ ጋርዲዮላ በሜዳው ዳር እየሮጠ ነው፣ ስታዲየሙ ተናውጧል። ከዚያ ቫር፦ አጉዌሮ ኦፍሳይድ ነበር። በድምር 4 ለ 4፣ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ቶተንሃም አለፈ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያሸነፈው ተሸነፈ፣ የተሸነፈው አሸነፈ። ከዚያ በፊት በኳስ ያልነበረ ዓይነት ድራማ ነው። ደስታን አጠፋ የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ከአንዱ ወስዶ ለሌላው ይሰጣል። የሚገድለው ውሳኔው መቀየሩ ሳይሆን መቆየቱና ምን እየታየ እንደሆነ አለመታወቁ ነው።

ቫር የሌለበት ጥሎ ማለፍስ ምን ይመስላል? ሩቅ አንሄድም። በ2024/25 ኤፍኤ ካፕ እስከ አራተኛው ዙር ቫር አልነበረም፤ አንዱ ሜዳ መሣሪያው ኖሮት ሌላው ሳይኖረው በአንድ ዙር ሁለት ዓይነት ዳኝነት እንዳይሆን ነው። በአራተኛው ዙር ማንቼ ከሌስተር 1 ለ 1 ሆኖ በባከነ ሰዓት ሃሪ ማጓየር በጭንቅላቱ አገባ። ኦፍሳይድ መሆኑን በባዶ ዓይን ያየው ሰው ብዙ ነው። ጎሉ ጸደቀ። የሌስተሩ አሰልጣኝ፣ ራሱ የማንቼ ባለውለታ የሆነው ቫን ኒስተልሮይ፣ የተሸነፍነው በፈርጊ ታይም (በፈርጉሰን ዘመን ማንቼ ያገባባት የነበረችው የባከነች ሰዓት) ሳይሆን በኦፍሳይድ ታይም ነው አለ። የማንቼ ደጋፊዎች ያን ማታ ቫርን አልናፈቁም፤ እኔ ደግሞ «ቫር ይውደም» የሚለውን ሰው በሙሉ እንዲህ ባለ ቀን ከሌስተር ጎን ተቀምጦ ባየው ደስ ይለኛል።

አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የባሰ አይተናል። በ2019 የካፍ ቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ መልስ ጨዋታ ቱኒስ አቅራቢያ ራደስ ላይ ነበር። የመጀመሪያው 1 ለ 1 አልቋል፣ ኤስፔራንስ በሜዳው 1 ለ 0 እየመራ ነው፣ የዊዳድ ካዛብላንካ ተጫዋች ኤል ካርቲ አገባና በኦፍሳይድ ተሻረ። ዊዳዶች «ቫር እይልን» አሉ። መሣሪያው አይሠራም ተባሉ። አንጫወትም ብለው ቆሙ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲጨቃጨቁ ቆዩ፣ ጨዋታው እንደተቋረጠ ዋንጫው ለኤስፔራንስ ተሰጠ፣ ነገሩም ካፍና የስፖርት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ከርሞ በመጨረሻ ለኤስፔራንስ ጸና። አለ ተብሎ የማይሠራ ቫር ከነጭራሹ ከሌለው ይብሳል።

የኛው ሰው በዓምላክ ተሰማ የዳኘውን የ2022 የካሜሩን አፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ግን በሌላ በኩል አስቀምጡት። ሴኔጋልና ቡርኪናፋሶ ነበሩ። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ለሴኔጋል ፔናሊቲ ሰጠ፣ ሁለቱም በቫር ተነሡ። ዳኛ በዚያ ሁሉ ሕዝብና ካሜራ ፊት በአርባ አምስት ደቂቃ ሁለት ጊዜ «ተሳስቻለሁ» ማለት ቀላል አይደለም። ሴኔጋል ኋላ ላይ 3 ለ 1 አሸንፎ አለፈ፣ ማንም በሐሰት ፔናሊቲ አለፉ የሚል የለም። ቫር ሲሠራ እንዲህ ነው፤ በማግስቱ ስለ ዳኛው የሚወራ ነገር አይኖርም።

ስታዲየም አካባቢ ያሉት ትልልቆቹ ጋሼዎች ይሄን ስንል ይስቁብናል። «በ1954 ዓ.ም. ግብፅን እዚሁ ስናሸንፍ ቫር ነበረ?» ይላሉ። አልነበረም። 2 ለ 2 ሆኖ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 የአፍሪካ ዋንጫን በላን፤ ግብፆች ቫር ቢኖር ምን ይሉ እንደነበር ግን ጋሼን መጠየቅ አይቻልም፣ ይቆጣሉ።

ምን ይሻላል ታዲያ? ለኔ አንደኛው ነገር ድምፅ ነው። ዳኛው የወሰነውን በማይክሮፎን ለሕዝቡ ይንገር። በ2023 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ተደርጓል። እንግሊዝ ውስጥ በጥር 2025 በካራባዎ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ቶተንሃም ከሊቨርፑል ሲጫወቱ ዳኛው ስቱዋርት አትዌል የሶላንኬን ጎል ለምን እንደሻረ ለስታዲየሙ በድምፅ ተናገረ። ጥቂት ሰከንድ ነው የፈጀው። ተበሳጭተህም ቢሆን ቢያንስ በምን እንደተበሳጨህ ታውቃለህ።

ሁለተኛው ለኛ ይመለከታል። ሙሉ ቫር ብዙ ካሜራ፣ የተለየ ክፍል፣ የሠለጠኑ ተጨማሪ ዳኞች ይፈልጋል፤ ውድ ነው። ፊፋ ግን ጥቂት ካሜራ ላላቸው ሊጎች ቀለል ያለ አሠራር በ2024 ኮሎምቢያ ላይ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ ሞክሯል። ስክሪን ፊት ተቀምጦ ሁሉንም የሚከታተል ቫር የለም። አሰልጣኙ ቅር ሲለው ለአራተኛው ዳኛ ምልክት ሰጥቶ «ይታይልኝ» ይላል፣ ዳኛው ሄዶ ምስሉን ራሱ ያያል። እያንዳንዱ አሰልጣኝ ሁለት ዕድል አለው፤ ትክክል ከሆነ ዕድሉ ይቆይለታል፣ ከተሳሳተ አንዱ ይቀነስበታል። ሊጋችንን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዲኤስቲቪ ሲተላለፍ አይተነዋል፤ ካሜራ ያለበት ሜዳ ላይ ይሄን መጀመር የሕልም እንጀራ አይደለም። ለጥሎ ማለፍ ጨዋታ ደግሞ በልኩ የተሰፋ ነው፤ ክስ ያለው ይከሳል። የኛ አሰልጣኞች ግን ሁለቱንም ዕድል በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የሚጨርሱት ይመስለኛል። ከዚያ የሚቀራቸው አራተኛውን ዳኛ መጨቅጨቅ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ሳያስተምራቸው ይችሉታል።